ቁም ሳጥኑን የገፋው ሰው

ፋርማሲስቱ በሥራው ስህተት የማይወድ ሰው ነበር። የሐኪም ማዘዣ ሲቀበል ደጋግሞ ያነባል፤ መድኃኒቱን ከመደርደሪያ ሲያወርድ ጽሑፉን ያያል፣ ለበሽተኛው ሲያስረክብም እንደገና ያያል። አብረውት የሚሠሩት «እሱ የገዛ ስሙን እንኳ አንብቦ ካላረጋገጠ አቤት አይልም» እያሉ ይስቁበታል። ይህ ጥንቃቄው ቤት ሲገባ ግን መልኩን ይለውጥ ነበር። አንድ ነገር ሲበላሽ ያበላሸው ሰው እዚያው በዚያው እንዲታወቅለት ይፈልጋል። ያ ሰው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል ብሎ ግን በሕልሙም አስቦ አያውቅም።

ኮምፒዩተሩ ቤት የገባው ፋርማሲስቱ የርቀት ትምህርት የጀመረ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ኢንተርኔት የሚመጣው በስልክ መስመር ነበር። ኮምፒዩተሩን ከስልክ መስመሩ ጋር የሚያገናኘው ሞደም እንደ ሰው ይደውላል፣ ያፏጫል፣ ይንጫጫል፣ ያጓራል፤ ከተሳካለት ዝም ይላል። ዝም ሲል ቤተሰቡ በሙሉ «እፎይ» ይላል። ከዚያ በኋላ ስልክ የሚያነሳ ወዮለት! ስልኩ ሳሎን ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ትንሿ ክፍል ስለተቀመጠ ከሳሎኑ ሶኬት የተነሳ ረጅም ገመድ ግድግዳውን ታክኮ፣ በበሩ ሥር ሾልኮ፣ ጠረጴዛው ድረስ ይሄዳል።

በዚያችው ትንሽ ክፍል የሚስቱ ታናሽ ወንድም ይተኛ ነበር። ይሠራበት የነበረው ማተሚያ ቤት ሲዘጋ «ሥራ እስካገኝ» ብሎ እህቱ ጋ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ጎልማሳ ነው። ሲላጭም፣ ሳህን ሲያጥብም፣ ደረጃ ሲወጣም ስለሚያፏጭ ፉጨት ይሉታል። የሞደሙን ጩኸት አስመስሎ ሲያወጣ የፋርማሲስቱ ልጅ በሳቅ ትንፈራፈራለች። አንድ ቀን እንዲያውም ፋርማሲስቱ ራሱ ተሸውዶ ከመታጠቢያ ቤት «ማነው ደግሞ ኢንተርኔት የከፈተው?» ብሎ ጮኋል።

አይጠላውም፤ እውነቱን ለመናገር ይወደዋል። ግን ሰውየው ሳይሄድ በቆየ ቁጥር አንድ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላው ጀመር። የትንሿ ክፍል በር ሲከፈት የፉጨት ተጣጣፊ አልጋ፣ ብርድ ልብሱና አልጋው ሥር የተደረደሩት ጫማዎቹ ከሳሎን ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ፋርማሲስቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር በሩ መዘጋቱን በዓይኑ ያረጋግጣል። በሩ ደግሞ አመሉ ነው፤ ራሱን በራሱ ይከፍታል።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሴትዮ ሻይ ልትጠጣ ትመጣለች በተባለ ዕለት ከሥራ ቀደም ብሎ ወጣ። ቤት ማንም አልነበረም። ትከሻውን ትንሿ ክፍል ውስጥ ያለው ትልቁ ቁም ሳጥን ላይ አስደግፎ፣ እያቃሰተ፣ ክፍሉን አቋርጦ ገፋውና በሩ አጠገብ አቆመው። ወደ ሳሎን ተመልሶ አየ፤ አልጋው የለም፣ የሚታየው የቁም ሳጥኑ ጀርባ ብቻ ነው። ላቡን ጠረገና እጁን ታጠበ። ከቁም ሳጥኑ ሥር ምን እንዳለ አላየም። የሰው መድኃኒት ደጋግሞ የሚያነብ ሰው ያን ቀን አንዴም አላጎነበሰም።

ሚስቱ ስትመጣ «ክፍሉ ሰፋ አይደል?» አላት። «አዎ፣ ጥሩ አድርገሃል» አለች። ፉጨት ግን ቁም ሳጥኑን አየ፣ ሳሎኑን አየ፣ ከዚያም ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ መጋረጃ ሠራህልኝ እኮ» አለ። ሁለቱም ሳቁ፤ ነገሩም በዚያው አለፈ።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ግን ኢንተርኔቱ አመል አወጣ። ሞደሙ ይደውላል፣ ይጮኻል፣ ይገናኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ቀጥ! አንዳንዴ ጭራሽ «የመደወያ ድምፅ የለም» ይላል። ሳሎን ሄደው ስልኩን ሲያነሱት ግን ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ፋርማሲስቱ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አበራ፣ የይለፍ ቃሉን እንደገና ጻፈ፣ ሞደሙን ነቅሎ ሰካ፣ አቧራውን እፍ አለበት። አንድ ቀን ይሠራል፣ በማግስቱ ይብስበታል።

እያደር አንድ ነገር አስተዋለ። መስመሩ የሚቋረጠው አብዛኛውን ጊዜ ፉጨት ክፍሉ ውስጥ ሲኖር ነው። ይገባል፣ ልብሱን ከቁም ሳጥን ያወጣል፣ ወዲያው ይቋረጣል። ፋርማሲስቱ በበሽታ ምልክት መፍረድ የለመደ ሰው ነውና ይህችን ይዞ ደመደመ። ፉጨትም የዋህ ስለሆነ ራሱን አጋለጠ። «ጋሼ፣ ባለፈው አንድ የዘፈን ማጫወቻ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርጄ ነበር። ቫይረስ ይኖረው ይሆን እንዴ?»

«ሳታስፈቅደኝ?»

«ይቅርታ። ልጅቱ ዘፈን ስትለኝ ጊዜ ነው።»

ፕሮግራሙን አጠፉት፤ ለውጥ የለም። ጥርጣሬው ግን ፋርማሲስቱ ልብ ውስጥ ቤቱን ሠርቶ ተቀመጠ።

ነገሩ የፈነዳው የትምህርቱን ትልቅ ሥራ በኢሜይል በሚልክበት ዕለት ነው። ያን ቀን ካልደረሰ ኮርሱ እንዳለ ይደገማል። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ የተላከውን መጠን ስክሪኑ ላይ የምታሳየው መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ትሳባለች። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ፉጨት በጣቱ ጫፍ እየተራመደ ገባ፤ ትንፋሹን እንኳ ዋጥ አድርጎ የቁም ሳጥኑን በር ቀስ ብሎ ከፈተና ሹራቡን መዘዘ። ኮምፒዩተሩ ቀጥ አለ።

ፋርማሲስቱ ከወንበሩ ሲነሳ ፊቱ በቁጣ ደም መስሎ ነበር። «ምን ነካህ አንተ?»

«ምንም አልነካሁ ጋሼ፣ ሹራቤን…»

«አንተ በገባህ ቁጥር! አንተ በገባህ ቁጥር እኮ ነው! እዚህ ቤት ከገባህ ጀምሮ ደህና የሆነ ነገር አለ? ሥራ የለህ፣ ቤት የለህ፣ ቢያንስ የሰው ሥራ አታበላሽ!»

ሚስቱ ከወጥ ቤት እየሮጠች መጣች። ልጅቱ ሳሎን ውስጥ መጽሐፏን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ፉጨት ሹራቡን ደረቱ ላይ እንደያዘ ቆመ። «እውነትህን ነው ጋሼ» አለ በመጨረሻ፤ ይህን ሲል ደግሞ ቂም አልነበረበትም። በማግስቱ ፋርማሲስቱ ሥራ ላይ እያለ ሻንጣውን ይዞ ወጣ።

ሚስቱ ለቀናት ከቁም ነገር በቀር አላነጋገረችውም። «ይሄን ያህል በኢንተርኔት ምክንያት?» ነው ያለችው አንዴ ብቻ። እሱም «ኢንተርኔት አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው» ብሎ መለሰላት። ፉጨት በሌለበትም መስመሩ ይቋረጥ ነበር፤ እንደ በፊቱ ባይሆንም። ፋርማሲስቱ ግን «መቼም አንዴ የተበላሸ ነገር» እያለ ራሱን ያሳምናል።

አንድ የዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እናትና ልጅ ገበያ በወጡበት፣ ለኢንተርኔት ድርጅቱ የእርዳታ ክፍል ደወለ። አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ አነሳችው።

«ኮምፒዩተሩ በርቷል?»

«በርቷል።»

«እሺ፣ አሁን ለመገናኘት ይሞክሩና የሚለውን ይንገሩኝ።»

«እመቤቴ፣ ያለን አንድ መስመር ነው። እየተነጋገርን በምን ልሞክረው?»

«አሃ። እንግዲያው ይዝጉትና ይሞክሩት። እምቢ ካለ መልሰው ይደውሉ።»

ዘጋ፤ ሞከረ፤ እምቢ አለ፤ ደወለ። ሌላ ሰው አነሳና «ኮምፒዩተሩ በርቷል?» አለ። ሁሉንም ከሀ ጀምሮ አስረዳ። ዘጋ፣ ሞከረ፣ ደወለ። ሦስተኛዋ ሴት ስታነሳ ገና ሳትጠይቀው «በርቷል!» ብሎ ጮኸባት። ሴትዮዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «እንዲህ ያድርጉ፣ ኮምፒዩተሩን ስልኩ ያለበት ክፍል ይውሰዱትና በአጭር ገመድ ግድግዳው ላይ ይሰኩት። ከሠራ ችግሩ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው» አለችው።

ተሸክሞ ሳሎን አመጣው። ሰካው። ሞደሙ ጮኸ፣ ተገናኘ፣ ዝም አለ። ጠበቀ። አልተቋረጠም።

ታዲያ ረጅሙን ገመድ ከሶኬቱ ጀምሮ በእጁ እየዳሰሰ ተከተለው። ሳሎኑን ጨረሰ፣ በበሩ ሥር አለፈ፣ ክፍሉ ውስጥ ገባ፤ እዚያ ቁም ሳጥኑ ጋ ሲደርስ ገመዱ እምቢ አለው። ቢስበው አይመጣም። በደረቱ ተኝቶ ሥሩን አየ። የቁም ሳጥኑ የፊት እግር ገመዱ ላይ ቆሟል። ላስቲኩ ተጨፍልቆ ተሰንጥቋል፤ ከውስጡ የመዳብ ክሮች ብቅ ብለው ያብረቀርቃሉ።

እንደተኛ እጁን ዘርግቶ የቁም ሳጥኑን በር ከፈተ። ከባዱ በር ሲከፈት ሳጥኑ በትንሹ ወደ ፊት ዘመም አለ፤ እግሩም ገመዱን ጫን አደረገው። ዘጋው፤ እግሩ ለቀቅ አደረገው። እንደገና ከፈተ፣ እንደገና ዘጋ። ፉጨት በጣቱ ጫፍ እየተራመደ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ሹራቡን ሊያወጣ በሩን ሲከፍት ታየው። «እውነትህን ነው ጋሼ» ያለው ድምፁ ጆሮው ላይ ጮኸ። ወለሉ ላይ እንደተኛ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

ከዚያ ያደረገውን ኋላ ላይ ሲያስበው ከቁጣው ይልቅ ያፈረው በዚህ ነው፦ ተነሳ፣ ቁም ሳጥኑን ትንሽ ነቅነቅ አድርጎ ገመዱን አወጣ፣ የተላጠውን በጥቁር ፕላስተር ጠቀለለ፣ ገመዱን በሌላኛው ግድግዳ በኩል አዞረው፣ ወለሉን ጠራረገ፣ ኮምፒዩተሩን ቦታው መለሰ። ሚስቱና ልጁ ሲገቡ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር።

«ተሠራ እንዴ?» አለች ሚስቱ ስክሪኑን አይታ።

«ተሠራ።»

«ምን ሆኖ ነው?»

አፉ ተከፈተ። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ የወጣው ግን «አንድ የተዛባ ነገር ነበር፤ አስተካከልኩት» የሚል ነው።

ልጅቱ ዓይኗን አፍጥጣ «አጎቴ ስለሄደ ነው የተሠራው?» አለች።

ፋርማሲስቱ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዞረ።

ኢንተርኔቱ ከዚያ በኋላ አንዴም አልተቋረጠም፤ ያም ቅጣት ሆነበት። እያንዳንዱ ያልተቋረጠ ቀን በፉጨት ላይ ምስክር ሆኖ ቆመ። ሚስቱ አንድ ቀን ሻይ ይዛለት መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። «ተቆጥቼብህ ነበር። ለካ እውነትህን ነው። ወንድሜ ስለሆነ አላየሁም እንጂ እሱ ያበላሸውን ካስተካከልከው ወዲህ ይኸው ደህና ነው። ይቅር በለኝ» አለችው።

ፋርማሲስቱ ሻዩን አልቀመሰውም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። «ተይው እባክሽ» አለ፤ እሷም ትሕትና መሰላት። በዚያው ሰሞን ለወንድሟ ስትደውል ሰማት፤ «አንተ ደግሞ ነገር መነካካት ትወዳለህ፤ ጋሼን ይቅርታ ጠይቀው» እያለች በእህት ወግ ትመክረዋለች። ፋርማሲስቱ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። መድኃኒት ቤትም ሄዶ ሰላም አላገኘም። አንዲት እናት ለልጇ የሳል መድኃኒት ስትቀበለው «ትክክለኛው ነው አይደል? እርስዎ መቼም አይሳሳቱም» ስትለው ጆሮው ድረስ ቀላ። በየቀኑ «ዛሬ እነግራታለሁ» ብሎ ይገባል፤ በየቀኑ ደግሞ ነገሩ ከትናንቱ ይከብዳል። ያኔውኑ ቢናገር ስህተት ነበር፤ አሁን ግን ውሸት ሆኗል።

አንድ እሑድ ልጅቱ ጎረቤት ልትጫወት በሄደችበት በሩ ተንኳኳ። ፉጨት ነው። ከስቷል፤ እጆቹ ላይ የተቆራረጠ ጠባሳ ይታያል። አንድ የሴራሚክ መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሆኖ እንደተቀጠረ ለእህቱ ነገራት። ብብቱ ሥር አንድ የላስቲክ ከረጢት ይዟል።

«ጋሼ» አለ ሳይቀመጥ፣ «ያን ጊዜ ስላበላሸሁብህ ነገር ሳስብ ነው የከረምኩት። ይኸው ሞደም ነው፤ ያገለገለ ነው፣ ግን አንድ ጓደኛዬ ሞክሮታል፣ ደህና ነው። ምናልባት የድሮው ድጋሚ ካስቸገረህ ብዬ… ይቅርታ አድርግልኝ።»

የእህቱ ዓይን በእንባ ተሞላ። «አየኸው ወንድሜን?» ብላ በኩራት ወደ ባሏ ዞረች።

ፉጨት መልስ ሳይጠብቅ «ልግጠምልህ፣ አፍታ አይፈጅም» ብሎ ወደ ትንሿ ክፍል ገባ። ጉልበቱን አጥፎ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ያን የተቆራረጠ እጅ፣ ወለሉ ላይ በእሱ ፋንታ የተንበረከከውን ሰው ሲያይ ፋርማሲስቱ ሌላ ቀን ሊጨምርበት አልቻለም።

«ተነስ» አለ። «እባክህ ተነስ። አንተ ምንም አላበላሸህም። እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገረው፤ ገመዱን፣ የቁም ሳጥኑን እግር፣ በሩን። ሚስቱ የበሩ መቃን ላይ ተደግፋ ትሰማለች። ፉጨት መጀመሪያ ሳቀ፤ ከልቡ፣ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። «በሞትኩት! ሹራቤ ነው ለካ ያባረረኝ!» ከዚያ ሳቁ በአንዴ ተነነ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አለ።

«ከሄድክ ብዙም ሳይቆይ።»

«እና እስከ ዛሬ?»

ፉጨት ሞደሙን ወደ ከረጢቱ መለሰ፣ እህቱን ግንባሯን ሳማትና ወጣ። ሚስቱ ባሏን አንዴ አየችው። ጩኸት ቢሆን ይሻለው ነበር። «እኔ እኮ ይቅርታ ጠየቅሁህ» ብቻ አለች፣ ወጥ ቤት ገባች፣ ቧንቧውንም ከፈተችው። የምታጥበው ዕቃ አልነበረም።

በማግስቱ ለሚስቱ ነግሮ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ መጋዘኑን ፈልጎ ሄደ። ግቢው ውስጥ ሰዎች ከመኪና ካርቶን ያወርዳሉ። ፉጨትን ሲጠይቅ አላወቁትም። መልኩን ሲነግራቸው አንዱ «ሞደምን ነው እንዴ? የእህቱን ባል ኮምፒዩተር ገድሎ የተባረረውን?» ብሎ ሳቀ። ለካ ታሪኩን ራሱ እያሳቀ ነግሯቸው ስም ወጥቶለታል።

«የእህቱ ባል እኔ ነኝ» አለ ፋርማሲስቱ። ካርቶን የያዙት ሰዎች ቆሙ። ፉጨትም ከመኪናው ላይ ቀና አለ። «ኮምፒዩተሩን እሱ አልገደለውም። ገመዱ ላይ ዕቃ ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ካወቅሁ በኋላ የደበቅሁትም እኔው ነኝ። በሐሰት ነው ከቤቴ የወጣው።»

ፉጨት ከመኪናው ወርዶ ወደ ጥላ ወሰደው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ጋሼ» አለ። «ቁም ሳጥኑን ግን ለምን ነበር ያዛወርከው?»

ክፍሉን ለማስፋት ነው ማለት ይችል ነበር፤ ሚስቱም እስከዚያች ሰዓት የምታውቀው ይህንኑ ነው። «እንግዳ ሲመጣ አልጋህ እንዳይታይ» አለ።

ፉጨት ራሱን ነቀነቀ። «ያኔውኑ ገብቶኛል። ትለው እንደሆነ ላይህ ነው።» የእጁን አቧራ ሱሪው ላይ ጠረገ። «በል፣ እኔ ጋ ጨርሰሃል። ተመልሼ ግን አልገባም፤ ክፍል ተከራይቻለሁ። እትዬ ጋ ያለውን አንተው ታውቃለህ።»

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ሶፋው ላይ ልብስ ታጣጥፋለች። «ምን አለህ?» አለችው ቀና ሳትል። ምንም ሳያስቀር ነገራት፤ የአልጋውንም ነገር። እጇ ቆመ። የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠችና «ለልጅህም አንተው ንገራት» አለች። «አጎቷ አጥፍቶ እንደሄደ ነው የምታውቀው።»

ልጅቱ ክፍሏ ውስጥ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚነገር ሳይሸፋፍን ነገራት። እርሳሷን አስቀምጣ ሰማችው።

«ታዲያ አጎቴ ለምንድነው ይቅርታ የጠየቀው?»

«እኔ ዝም ስላልኩ።»

ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ስልክ ደውዬ ልንገረው?»

«ያውቃል። ደውይለት ግን» አለ ፋርማሲስቱ።

ሳሎን ሄዳ ስልኩን አነሳች። እሱ አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠ ድምጿን ይሰማ ነበር፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቆይቶ ስቃ። ሚስቱም ልብሱን ትታ «አሁን ደግሞ ለእኔ ስጪኝ» ስትል ሰማ። እሱን ግን ማንም አልጠራውም፤ እሱም አልወጣም።